ከቧንቧው የመጣው መልስ

ይህ ነገር በእኔ ላይ ደርሷል።

ሰው አላወራልኝም፤ በህልሜም አላየሁትም። የሚያምን ይመን፣ የማያምን አንብቦ ይለፈው። እኔ ግን አንዲት ነገር አልጨመርኩበትም።

ሌሊት እንዳይመስላችሁ።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነው። ሚያዝያ 1975 ዓ.ም.፣ ከሸሕዲ ወደ መተማ ዮሐንስ ሲወረድ፣ ጓንግ ወንዝ ዳር ባለች አንዲት ፓምፕ ቤት።

የቆላውን ሚያዝያ የሚያውቅ ሰው ያንን ሰዓት ያውቀዋል። ወፍ አይበርም። ውሻ አይጮህም። ፀሐይ ላይ የዋለ ብረት በእጅ አይነካም። ጥላ ያገኘ ጥላው ሥር ይወድቃል።

ጥላ ያላገኘ ደግሞ... ቱቦው ውስጥ ይገባል።

ስለ ቱቦው መጀመሪያ ልንገራችሁ።

እርሻው የመንግሥት ነው። ስሙን ተዉት። ፓምፑ ከወንዙ ውሃ ይስባል። ውሃው በረዥም የብረት ቧንቧ ቁጥቋጦውን አቋርጦ እስከ መኪናው መንገድ ይሄዳል። መንገዱ ጋ ሲደርስ ሰው ተጋድሞ የሚገባበት የሲሚንቶ ቱቦ ይቀበለዋል። ቱቦው ከመንገዱ ሥር አልፎ ማዶ ካለው ቦይ ላይ ይወጣል።

ፓምፑ ሲቆም ቱቦው ይደርቃል። ሲሚንቶው ግን ቅዝቃዜውን አይለቅም።

ቆላው ሳሉግ የሚላቸው ከጎጃምና ከወሎ ደጋ ለምንጣሮ የወረዱ የቀን ሠራተኞች ይህን ያውቃሉ። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ እየተንፏቀቁ ገብተው ይተኛሉ። ማን ይከለክላቸዋል?

ፓምፑ ሲነሳ ግን ያ ቱቦ እስከ ጣሪያው ይሞላል።

ለዚህ የእርሻው ሰዎች ሕግ ነበራቸው። የትም አልተጻፈም። ማንም አይጥሰውም።

ፓምፑ ከመነሳቱ በፊት ኦፕሬተሩ ቧንቧውን በመፍቻ ይመታል። ጓ... ጓ... ጓ... ድምፁ በብረቱ ውስጥ ሄዶ መንገዱ ጋ ይሰማል። እዚያ፣ የቧንቧው ጫፍ ላይ፣ ውሃ ጠባቂ ይቀመጣል። የተኙትን ቀስቅሶ ያስወጣል። ጎንበስ ብሎ ቱቦውን ያያል። ባዶ መሆኑን ሲያረጋግጥ እሱም ቧንቧውን በድንጋይ መልሶ ይመታል።

መልስ ከመጣ ይነሳል።

መልስ ካልመጣ ማንም ቢያዝ አይነሳም።

ፓምፕ ቤቱና መንገዱ አይተያዩም። ቢጮህም አይሰማም። በመካከላቸው ያለው ያ ድምፅ ብቻ ነው።

እኔ ደሞዝ እባላለሁ። የመጣሁት ከአዲስ አበባ፣ ስለ ኤሌክትሪክ ሞተሮች ከሚያጠና አንድ የምርምር ክፍል ነው። መሣሪያዬን በጭነት መኪና አስጭኜ፣ አቧራ እንዳይገባበት በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ይዤ ወረድኩ።

መጀመሪያ የተቀበሉኝ ኦፕሬተሩ አያ ባዘዘው ናቸው። ጠይም፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ መፍቻ ከኪሳቸው የማይለይ ሰው።

«ደሞዝ መጣ ሲሉ ሳሉጉ ሁሉ ግልብጥ ብሎ ወጣልህ» አሉኝ እየሳቁ። «ለካ አንተ ነህ! እናትህ ምን ነክቷቸው ነው? ሰው ለምን በከንቱ ያስደስታሉ?»

በዚያው ወደድኳቸው።

መሣሪያዬ ኮንቨርተር ይባላል። በቀላሉ ላስረዳችሁ። የድሮው ማስነሻ ሁለት ነገር ብቻ ያውቃል፤ መቆምና በሙሉ ኃይል መሮጥ። የእኔው ግን ታይሪስተር በሚባሉ ዕቃዎች የጄኔሬተሩን ኤሌክትሪክ እየቆራረጠ ለሞተሩ በልኩ ይሰጠዋል። ቁልፉን ትንሽ ሳዞረው ሞተሩ ይሳባል። ሳበዛው ይሮጣል። የምርምሬ ጉዳይ ይኸው ነበር፤ በትንሽ ነዳጅ፣ በሚፈለገው ልክ ውሃ ማውጣት።

በላዩ ላይ አንድ መለኪያ አለ። ጠቋሚው ሲያርፍ መሐል ላይ ነው።

ወደ ቀኝ ከሄደ፣ ኤሌክትሪኩ ሞተሩን እያዞረው ነው።

ወደ ግራ ከሄደ፣ ሞተሩን ሌላ ነገር እያዞረው ነው። ያን ጊዜ ሞተሩ ራሱ ኤሌክትሪክ አመንጪ ይሆንና ወደ እኔ ይመልሳል።

መሐል ከቆመ... ማንም ማንንም አያዞርም።

ይህን ካወቃችሁ ይበቃል።

መጀመሪያ ያየሁት ስህተት ትንሽ ነበር።

በቀትር ነው። ጄኔሬተሩ ጠፍቷል። አያ ባዘዘው ደጃፉ ላይ ጋደም ብለው ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው ተኝተዋል። እኔ ሽቦ እያጠበቅኩ ነበር። ቀና ስል ጠቋሚው ከመሐል ወደ ግራ ተንቀሳቀሰ።

ትንሽ።

ተመለሰ።

ደግሞ ሄደ።

መለኪያውን በጣቴ መታ መታ አደረግኩት። አልተበላሸም። የሞተሩን ዘንግ አየሁ።

ይዞራል።

በጣም በዝግታ... ግፊያ... ዕረፍት... ግፊያ... ዕረፍት።

«አያ ባዘዘው» አልኩ በሹክሹክታ። ለምን እንዳንሾካሾክሁ አላውቅም።

«እ?»

«ሞተሩ ይዞራል።»

ጋቢውን ገለጡና አዩ። «ውሃው ከቧንቧው ተመልሶ ወደ ወንዙ እየወረደ ይሆናላ።»

«ተመልሶ ቢወርድ ወደ ኋላ ነበር የሚያዞረው። ይህ ወደፊት ነው።»

«ወደፊት ማለት?»

«ውሃው ወደ መንገዱ እየሄደ ነው። እኛ ሳንገፋው። ከዚያኛው ጫፍ... የሚስበው ነገር ካለ ነው እንዲህ የሚሆን።»

ዘንጉን አዩት። ከዚያ ሳቁ። «የሱዳን ላም ይሆናል። እነሱ ሲጠጡ ወንዝ ያጎድላሉ።»

እኔም ሳቅኩ። ሳቃችን ግን ቶሎ አለቀ።

ከዚያ ወዲህ በየቀትሩ ጠቋሚውን እመለከት ነበር። አንዳንድ ቀን ይንቀሳቀሳል። አንዳንድ ቀን አይንቀሳቀስም። ሽቦዎቼን ሁሉ ፈትቼ ደግሜ አሰርኩ። የመሣሪያዬ ጥፋት ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

አልነበረም።

አዛናው የሞተው በዚያ ሳምንት ነው።

ከጎጃም የመጣ ሠራተኛ ነበር። ወባ ይዞት ክኒን ውጦ ቱቦው ውስጥ ተኝቷል። እኛ ይህን በምን እናውቃለን?

ሰባት ሰዓት ላይ አያ ባዘዘው እንደ ልማዳቸው ቧንቧውን መቱ።

ጓ... ጓ... ጓ...

ጠበቅን።

መልስ መጣ።

ጥርት ያለ። ድንጋይ በብረት ላይ።

«ሰማህ?» አሉኝ።

«ሰማሁ።»

ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሩ ቀስ ብሎ ተነሳ፤ ከዚያ ፍጥነቱን ያዘ።

ብዙም ሳይቆይ ሰው እየሮጠ መጣ። «አጥፉት! አጥፉት! ሰው አለ!»

አዛናውን ስናወጣው አፉ ተከፍቶ ነበር።

ውሃ ጠባቂው በሽር ይባላል። እናቱ ከዚህ፣ አባቱ ከማዶ፣ ከሱዳኗ ጋላባት፤ አማርኛውም እንደዚያው ቅይጥ ነው። እንዲጠራ ሰው ተላከ። ከሠራተኞቹ ሰፈር፣ ከአልጋው ላይ ነው የመጣው። ከጧት ጀምሮ ታምሜያለሁ ብሎ ተኝቶ ሰፈርተኛው ሁሉ አይቶታል።

«ወላሂ አልመታሁም» አለ። «እዚያ አልነበርኩም። ማን ይመታል?»

ሁሉም ዞሮ አያ ባዘዘውን አየ።

«መልስ ሰምቻለሁ» አሉ።

አዳሜ ዝም አለ። ያ ዝምታ ነው እስካሁን የሚያመኝ። ማንም ውሸታም አላላቸውም። ማንም ግን አላመናቸውም።

የእርሻው ካድሬ ገሰሰ ይባል ነበር። ሁልጊዜ ካኪ ይለብሳል፤ በዚያ ሙቀት እንኳ የአንገት ቁልፉን አይፈታም። ጮሆ አይናገርም። እንዲያውም ሲናገር ወደ እሱ ጎንበስ ማለት ነበረብን።

«አሻጥር ነው» አለ።

በዚያ ዘመን ይህች ቃል ሰው ላይ ካረፈች የምትወስደው የት እንደሆነ፣ ዕድሜው የደረሰ ያውቃል።

አያ ባዘዘውን መጋዘን ውስጥ ቆለፈባቸው። በማግስቱ የእርሻው ላንድሮቨር ወደ ጎንደር ይዟቸው ሊሄድ ተወሰነ።

ባለቤታቸው ባየሽ መጡብኝ። ለሠራተኞቹ ወጥ የሚሠሩ፣ ክንዳቸው እስከ ክርናቸው በርበሬ የነካው ሴት ናቸው። አላለቀሱም። ፊት ለፊቴ ቆመው አተኩረው አዩኝ።

«አንተ እዚያ ነበርክ።»

«ነበርኩ፣ እትዬ ባየሽ።»

«እሱ መልስ ሰማሁ ይላል። አንተስ?»

«እኔም ሰምቻለሁ።»

«እሱ መታ። አንተ አስነሳህ። ሁለታችሁም ሰማችሁ። ታዲያ እሱ ታስሮ አንተ ለምን አልታሰርክም?»

ዓይኔን መሬት ላይ ጣልኩ።

«ጎንደር ከሄደ አይመለስም» አሉ። «ይህን ታውቃለህ አይደል? ፊደል የቆጠርክ ነህና እንደምታውቅ ብዬ ነው።»

ሄዱ። እኔም ገሰሰ ዘንድ ሄድኩ።

«ጓድ፣ እኔም ሰምቻለሁ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «አንተም?»

«አዎ።»

«ጥሩ። አንድ ውሸት ለሁለት ሰው ይበቃል ማለት ነው።» እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «አንተ ከመምጣትህ በፊት እዚህ ሰው ሞቶ ያውቃል?»

«አላውቅም።»

«አልሞተም። ያ ሣጥንህ ከመጣ ወዲህ ነው። ሞተሩ ያለ ኤሌክትሪክ ይዞራል እያልክ ታወራለህ አሉ። እውነት ነው?»

ይህን ማን ነገረው? ከአያ ባዘዘው በቀር ለማንም አልተናገርኩም። ወይስ ስናወራ ደጅ ቆሞ የሚሰማ ነበር?

«እውነት ነው» አልኩ።

«ያለ ኤሌክትሪክ የሚዞር ሞተር... ያለ ሰው የሚመታ ቧንቧ።» ፈገግ አለ። «ድንበሩ ያውና፣ ጓድ ደሞዝ። እግር ላለው የአንድ ጧት መንገድ ነው። ከማዶ ሆኖ ይህ እርሻ እንዲደርቅ የሚፈልግ ብዙ አለ። አንዱ አንተ አለመሆንህን እኔ በምን አውቃለሁ?»

ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ሁሉንም መጠርጠር ጀመርኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ አያ ባዘዘውንም ጠርጥሬያለሁ። ከአዛናው ጋር ቂም ነበራቸው ይሆን? ከዚያ ግን አስባለሁ፤ መልሱን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እጃቸው ደግሞ ዓይኔ ሥር ነበር።

ታዲያ በሽር ነው። ሌላ ማን አለ?

ሰፈሩ ሄድኩ። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላለች። አልጋው ላይ ተቀምጧል። ግንባሩን ዳሰስኩት።

አይተኩስም።

«አልታመምክም» አልኩት።

ወደ በሩ አየ። «ድምፅህን ዝቅ አድርግ፣ ኡስታዝ።»

«አልታመምክም። ለምን ዋሸህ?»

«ወደዚያ ቧንቧ መሄድ ስላልፈለግኩ ነው።»

«ለምን?»

ከንፈሩን በምላሱ አረጠበ። «ሰሞኑን... እኔ መልስ ስመታ... ከእኔ በኋላ ሌላም ይመታል።»

«ከየት?»

«አላውቅም ያ ዞል፣ አላውቅም ወንድሜ። ከውስጥ። አንድ ቀን ደግሞ እኔ ድንጋዩን ሳላነሳ መታ። ባዘዘውም አስነሳ። የዚያን ዕለት ቱቦው ባዶ ነበር፤ አላህ አወጣን።»

«ይህን ለገሰሰ ለምን አትነግረውም?»

ሳቀ። ደረቅ ሳቅ። «ብነግረው ጎንደር የምሄደው እኔ ነኝ። ኻላስ። አንተ ተማርኩ ትላለህ፤ አንተ ንገረው።»

ነገርኩት።

ምን እንዳሰበ አላውቅም። ብቻ «ነገ በዚያው ሰዓት እናየዋለን» አለ። «ቧንቧው ጫፍ ላይ ራሴ እቆማለሁ። ሠራተኛው ሁሉ መንገዱ ላይ ይሰለፋል። በሽርም ከዓይኔ አይርቅም። ማንም ቧንቧውን አይነካም። እናንተ ምቱ። መልስ ከመጣ... ባዘዘው እውነቱን ነው። ካልመጣ ላንድሮቨሩ እዚያው ቆሟል። ለሁለት ሰው ይበቃል።»

እንግዲህ አስቡት። የፈራሁት ነገር እንዲመጣ መለመን ነበረብኝ።

በማግስቱ አያ ባዘዘውን ከመጋዘን አወጧቸው። እጃቸውን ፈትተው መፍቻውን ሰጧቸው። አንድ ጠመንጃ የያዘ ጥበቃ ከእኛ ጋር ፓምፕ ቤት ቆመ። ጄኔሬተሩ ጠፍቷል።

አያ ባዘዘው በአንድ ቀን አርጅተው ነበር። «ደሞዝ» አሉኝ ቀስ ብለው። «ካልመጣ... ባየሽን እንዲህ በላት፣ ...» አልጨረሱትም።

መቱ።

ጓ... ጓ... ጓ...

ጠበቅን።

ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ።

ምንም የለም።

ጥበቃው ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ።

ከዚያ መጣ።

ጓ...

ጓ...

ጓ...

ጥበቃው «በስመ አብ» አለ።

አያ ባዘዘው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። በእፎይታ ነው ወይስ በፍርሃት አላውቅም። እኔ ግን በዚያች ደቂቃ ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ። ድነዋል ብዬ።

ወደ መንገዱ ሮጥን።

ገሰሰ ቧንቧው ጫፍ ላይ ቆሟል። የአንገት ቁልፉ ተፈቷል።

«ከእናንተ ማን ነው ሁለተኛ የመታው?» አለ።

«እኛ አንዴ ነው የመታነው» አለ ጥበቃው። «ሁለተኛው ከዚህ ነው የመጣው፣ ጓድ።»

«ከዚህ አልመጣም! እኔ እዚህ ነኝ!»

ሠራተኞቹን አየሁ። መንገዱ ዳር ተሰልፈዋል። አንዱም ገሰሰን አያይም። ሁሉም የሚያዩት ቱቦውን ነው።

ገሰሰም አየው። ከዚያ ፊቱ ላይ ያ ፈገግታ ተመለሰ።

«ገባኝ» አለ። «ሰው ተደብቋል። ከመጀመሪያም ሰው ነበር።» ወደ ቱቦው ጎንበስ ብሎ ጮኸ። «ውጣ!»

ድምፁ ገብቶ ቀረ። ተመልሶ አልመጣም። ባዶ ቱቦ ውስጥ የሚጮህ ሰው ድምፁ ይመለስለታል። የእሱ አልተመለሰም።

«አንድ ሰው ይግባ» አለ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም።

«ጥሩ። ባዘዘው፣ ውሃውን ልቀቀው። ሲጨንቀው ይወጣል።»

አያ ባዘዘው ቀስ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። «አለቅም።»

«ምን አልክ?»

«ሰው አለ እያልክ ነው። ሰው ካለ አለቅም።»

«ከለቀቅክ ነፃ ነህ። ካልለቀቅክ መኪናው ያውልህ።»

ባየሽ ከሴቶቹ መሐል ወጡ። «ልቀቀው እንጂ አንተ ሰውዬ! አሻጥረኛ ነው ካሉህ አሻጥረኛ ነው! ምን አገባህ?»

«አንዴ መልስ አምኜ ሰው ገድያለሁ፣ ባየሽ» አሉ። «ሁለተኛ አላደርገውም። ይውሰዱኝ።»

ጥበቃው ገመዱን አወጣ።

ያን ጊዜ ነው የተናገርኩት። በሰው ፊት መናገር አልወድም።

«ጓድ... በዝግታ ልለቀው እችላለሁ። መሣሪያው ለዚህ ነው የተሠራው። ቁርጭምጭሚት ድረስ ብቻ። ሰው ካለ ይርሰዋል እንጂ አይሞትም። ተነስቶ ይወጣል።»

ገሰሰ አያ ባዘዘውን አየ። እኔን አየ።

«ቁርጭምጭሚት?»

«ከዚያ አያልፍም።»

አያ ባዘዘው ዓይኔን ፈልገው አዩኝ። «እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ፣ አያ።»

«እንግዲያው እሺ።»

ገሰሰ ሠራተኞቹን ከሁለት ከፈለ። ግማሹ በመግቢያው፣ ግማሹ ማዶ በመውጫው ቆመ። እሱ ራሱ ወደ መውጫው ሄደ። ዞር ስል በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ጭንቅላቱን እስከ ትከሻው ወደ ውስጥ አስገብቶ «ውጣ! አይቼሃለሁ!» ሲል ሰማሁት።

ምን እንዳየ አላውቅም።

ፓምፕ ቤት ገባን። ጄኔሬተሩን አስነሱ። ቁልፉን በጥፍሬ ጫፍ አዞርኩት። ሞተሩ አቃሰተና መሳብ ጀመረ። ጠቋሚው ወደ ቀኝ፣ ትንሽ። ልክ እንዳሰብኩት።

«እንዲህ ነው» አልኩ። «ተመልከቱ፣ ከዚህ አያልፍም።»

ጠቋሚው ወደ መሐል ተመለሰ።

ቁልፉን አልነካሁትም።

ከዚያ ወደ ግራ አለፈ።

«ምንድን ነው?» አሉ አያ ባዘዘው።

«እኔ አይደለሁም።»

ሞተሩ ፈጠነ። ቁልፉን ወደ ዜሮ መለስኩ። አልዘገየም። ዋናውን ማብሪያ ሳብኩ። አያ ባዘዘው ሮጠው ጄኔሬተሩን አጠፉ። ሁሉ ነገር ጸጥ አለ።

ዘንጉ ግን ይዞራል። እንዲያውም እየባሰበት... ግፊያ... ዕረፍት... ግፊያ... ዕረፍት... ቧንቧው በውሃ ተሞልቶ ያጉረመርማል። ጠቋሚው ግራ ጥጉ ላይ ደርሶ መስታወቱን ይመታል።

አያ ባዘዘው ጆሮዬ አጠገብ ተጠጉ።

«ደሞዝ» አሉ። «እየጠጣ እኮ ነው።»

በድንገት ቆመ።

ጠቋሚው መሐል ላይ አረፈ። ቀስ ብሎ፣ እንደ ጠገበ።

ወደ መንገዱ እንዴት እንደደረስን አላስታውስም። መግቢያው ጋ ያሉት ሰዎች እስከ ጉልበታቸው ረጥበዋል። ውሃው ከቧንቧው እየተንደረደረ ቱቦው ውስጥ ገብቷል፤ ሁሉም አይተዋል።

መውጫው ጋ ሄድኩ።

ቦዩ ደረቅ ነው። አቧራው ላይ የትናንት የፍየል ኮቴ እንኳ አልጠፋም። አንዲት ጠብታ አልወጣችም።

ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ሸሽቶ ቆሟል። በሽር ዓይኑን በእጁ ሸፍኗል።

«ገሰሰስ?» አልኩ።

ባየሽ በአገጫቸው አመለከቱኝ።

ወደ ላንድሮቨሩ እየሄደ ነው። ልብሱ ደረቅ ነው። ጭንቅላቱ ደረቅ ነው። የሚሄደው ግን ከባድ ዕቃ እንደ ተሸከመ ሰው እየተንገዳገደ ነበር። የኋላውን በር ከፍቶ አንድ የወታደር የብረት ጄሪካን በሁለት እጁ አወጣ። ወደ አፉ አነሳው።

ይጠጣ ጀመር።

ባየሽ እንደ ምንም ተጠጉ። «ጌታው... ጓድ... እሱስ? ይሂድ?»

ይጠጣል።

«ነፃ ነህ ብለኸዋል። ሰው ሰምቷል።»

ገሰሰ አንድ እጁን ከጄሪካኑ አነሳ። ሳይዞር፣ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው አወዛወዘው። ሂዱ።

ጥበቃው ገመዱን መሬት ላይ ጣለ። ባየሽ ባላቸውን ክንዳቸውን ይዘው ጎተቱ፤ በቁጥቋጦው መሐል፣ ወደ ኋላ ሳያዩ፣ ከፊል እየሮጡ ጠፉ። ሠራተኞቹም አንድ በአንድ ሸሹ። ላንድሮቨሩ አጠገብ እኔና እሱ ቀረን።

መሄድ ነበረብኝ። ግን ቃሉን ጠብቋልና አንድ ነገር ልበለው ብዬ ተጠጋሁ።

«ጓድ ገሰሰ... ደህና ነዎት?»

ጉሮሮው ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ልክ እንደ ሞተሩ ዘንግ... ግፊያ... ዕረፍት። የሚዋጠው ውሃ ድምፅ ከቆምኩበት ድረስ ይሰማኛል። ዓይኖቹ ፀሐይዋን እያዩ አይርገበገቡም።

አንድ እርምጃ ጨመርኩ። ያን ጊዜ አየሁት።

የጄሪካኑ ክዳን እንደተከረቸመ ነበር።